አራተኛው ብሎን

ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ግራ እጄ ሥራ ላይ ነው፤ የኮምፒውተሬን ሣጥን ከኋላ በኩል ተጭኖ ይዟል። ከለቀቅኩት ይጀምረዋል። «ዝዝዝዝ» ይላል፣ ያርፋል፣ ተወው ብዬ ስተነፍስ ደግሞ ይቀጥላል። ሐዋሳ የኖረ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ መብራት ካጠፉ በኋላ ጆሮ ሥር የምትመላለሰው የሐይቅ ዳር ትንኝ ናት። ልዩነቱ ትንኟን በጥፊ ማለት ይቻላል።

ጦሱ አንድ ብሎን ነው። ፓወር ሳፕላይ የሚባለው ዕቃ ከሣጥኑ ጀርባ ጋር የሚታሰርበት አራት ቀዳዳ አለው። አራት ቀዳዳ፣ አራት ብሎን። የእኔው ለጥገና ከቤት ሲወጣ አራት ነበረው፤ ሲመለስ ሦስት ሆኗል። ባለቤቴ «አንድ ብሎን ነው እኮ፣ ተወው» ብላኛለች። ልተወው እየሞከርኩ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ከሥሩ ልጀምር። ክረምቱ እንደገባ አንድ ከሰዓት፣ ዳመናው ታቦር ተራራ ላይ ገና ሲሰበሰብ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው፤ የፍሪጁ ስፒና ይነቀላል፣ ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ። ሲመጣም ቶሎ አይሰካም፣ «ትንሽ ይረጋጋ» ይባላል። ዕቃ የሚገድለው የመብራት አካሄዱ ሳይሆን አመጣጡ መሆኑን ማንም መሐንዲስ ሳይነግረን፣ በየቤታችን አንድ አንድ ፍሪጅ ከፍለን ተምረነዋል። ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ኮምፒውተር ግን የሚያስታውሰው የለም። እኔም ያን ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ብዬ ዝናቡ ሲመጣ አያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ ሲጫኑት የማይሰማ ሆነ። ሁለቴ ሦስቴ ስጫነው፣ ለትምህርት ቤት እንደተቀሰቀሰ ልጅ እያጉረመረመ ይነሣል። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ የዓሣ ሽታ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ከልክ በላይ ሲግል ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው ደንግጦ ስፒናውን ይነቅል ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ቤት ዓሣ ቢሸት ማን ምን ይላል? ባለቤቴ አሞራ ገደል ወርጄ ብቻዬን በልቼ የመጣሁ መስሏት ሁለት ቀን በጎሪጥ አየችኝ። እኔ ደግሞ እራት ዓሣ ነው ብዬ እጄን ታጥቤ ጠበቅኩ። ሽሮ ቀረበ።

በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ዝም አለ።

ጎረቤቴ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ቫይረስ ነው» አለኝ። መብራት የሌለው ኮምፒውተር ውስጥ ቫይረሱ በምን እያየ እንደሚሠራ አልጠየቅኩትም። የእህቴ ልጅ በስልክ «ፎርማት ይደረግ፣ አጎቴ» አለ። ባለቤቴ «አቧራ ነው» ብላ ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ከሦስቱ ሐኪሞች ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች፤ ግን ያኔ ማን ይቀበላል?

ሣጥኑን እንደ በዓል ዶሮ ታቅፌ በባጃጅ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ይህን ሣጥን ሁላችንም «ሲፒዩ» እንለዋለን። ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ ያማቸዋል። ሲፒዩ ማለት ውስጥ የተቀመጠች የክብሪት ሣጥን የምታክል ቺፕ ናት፤ ሙሉ ሣጥኑን ሲፒዩ ማለት ቤቱን ሁሉ «ምጣድ» ብሎ እንደመጥራት ነው ይላሉ። ይበሉ። ባለ ባጃጁ «ለሲፒዩው ይጨምራሉ» ሲለኝ ተግባብተናል።

ጠጋኙ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። ካቻቢቴውን አንሥቶ መፍታት ጀመረ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ካቻቢቴው ጣሊያን ነው፣ ፒንሳውም፣ ስፒናውም። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፤ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ፋን። ጣሊያን ኮምፒውተር ሳይመጣ ተባረረ እንጂ ይህንንም ሰይሞልን በሄደ ነበር። ብሎን የሚለው ቃል ደግሞ የፈረንሳይ ይሁን የጣሊያን አልለየለትም። መሀል ቤት የቀረ ዕቃ ነው፤ ቢጠፋ ላይገርም ይችላል።

ልጁ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ትልቁን መሰኪያ ነቀለ። ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ አንዱን ጫፍ አረንጓዴ ሽቦ ካለበት ቀዳዳ፣ ሌላውን ከጥቁሮቹ በአንዱ ከተተ። «አሁን ደኅና ከሆነ ፋኑ ይዞራል፣ ጋሼ» አለና ስፒናውን ሰካ። አልዞረም። አረንጓዴው ሽቦ ማዘርቦርዱ «ተነሣ» ብሎ የሚያዝበት ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ ጣቴ እስኪዝል የተጫንኩት ቁልፍ፣ ለካ ያች ክሊፕ የምትሠራትን ሥራ ለማሠራት ነበር። ከመደርደሪያ ሌላ ፓወር ሳፕላይ አውርዶ በዚያችው ክሊፕ ሞከረው፤ ዞረ። ከእኔ ማዘርቦርድ ጋር አገናኘው፤ ኮምፒውተሬ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ብድግ አለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የሞተውን ልከፍተው ስል እጄን ያዘኝ። ከግድግዳ የሚገባው 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ወደ ቀጥታ ሲለወጥ 310 ገደማ ይሆናል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ስፒናው ተነቅሎም ያን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ነው ወደ 12፣ ወደ 5፣ ወደ 3.3 ቮልት የሚመነዘረው። እኔ እንደገባኝ ፓወር ሳፕላይ ማለት ዝርዝር የሚሰጥ ሰው ነው። ኮምፒውተር የሳንቲም ደንበኛ ነው፤ የሁለት መቶ ብር ኖት ብትሰጠው ይሞታል። ልጁ በወንፊቱ ቀዳዳ አጮልቆ አሳየኝ፤ አቧራና የሐይቅ ትንኝ በድን ፋኑ ላይ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። የባለቤቴን ፊት እያየሁት መሰለኝ።

ግዢው እንደ ዓሣ ነው፤ በእጅ እየመዘኑ። ልጁ ሁለት ፓወር ሳፕላይ አቀረበልኝ። ሁለቱም ላይ 500 ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ አንደኛው ድፎ ዳቦ ያህል ይከብዳል፣ ሌላው ባዶ ሌማት ነው። «ቀላሉ ውስጡ ምንም የለውም፣ ጋሼ፤ ጽሑፉን አይመኑ» አለኝ። ከባዱን ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

እስከዚህ ድረስ ልጁ ላይ አንዲት ቅሬታ የለኝም። መርቄው ወጣሁ። ቤት ገብቼ አበራሁት፤ «ዝዝዝዝ»። ጀርባውን ሳይ ሦስት ብሎን፣ አንድ ባዶ ዓይን። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያለሱም ይሠራል» አለኝ።

ይህች ቃል ነች እንቅልፍ የነሣችኝ። ግን መጀመሪያ የብሎኑን ነገር ልጨርስ፤ ብሎኖች የት ነው የሚሄዱት? ጠጋኝ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያጎድልና የሚያተርፍ። አባቴ ሬዲዮኑን ያስጠገነ ጊዜ ጠጋኙ ገጥሞ ሲጨርስ ሦስት ብሎን ተረፈው። በጋዜጣ ጠቅልሎ «ይህ የእርስዎ ነው» ብሎ አስረከበው። ሬዲዮኑ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ዜና አወራ። አባቴ ሦስቱን ብሎን እስኪሞት ድረስ በቡና ጣሳ አኖራቸው፤ አንድ ቀን ሬዲዮኑ አምጡልኝ የሚል ይመስል። እንግዲህ አንዱ የሚያተርፈው ሌላው የሚያጎድለውን መሙላት ነበረበት። አልሞላም። አንድ ሰሞን አሞራ ገደል ያሉትን አባ ኮዳዎች ጠረጠርኩ፤ የወደቀ ነገር ሁሉ መዋጥ ይወዳሉ። ቀጥሎ ጦጣዎቹን። ሦስተኛ ተጠርጣሪ ፍለጋ ተመልሼ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

ልጁ አላኮረፈም። የቲማቲም ጣሳ አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ዘረገፈው። ከመቶ በላይ ብሎን!

«የማን ናቸው?»

«የሰው ናቸው፣ ጋሼ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ስንለካ ዋልን። ቀጭኑ ይገባና እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ወፍራሙ አፉ ላይ ይቀራል። ለካ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ብሎኖች ሁሉ አንድ ዘር አይደሉም። ለሲዲ ማጫወቻው የሚሆነው በሚሊ ሜትር የተለካ ነው፤ የፓወር ሳፕላዩ በአሜሪካ ኢንች ነው፣ አንድ ኢንች ላይ ሠላሳ ሁለት ጥርስ። ኢንቴል በፈረንጆቹ 1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ ካወጣ ወዲህ ፋብሪካው ሁሉ በዚያ ይሄዳል። ቻይና የተሠራ ፓወር ሳፕላይ ሐዋሳ ላለ አሮጌ ሣጥን ቀዳዳ ለቀዳዳ የሚገጥመውም ለዚህ ነው። ዓለም ተስማምቶ አራት ያለውን ነገር፣ ፒያሳና የእኔ ቤት መሀል በባጃጅ ሦስት አደረግነው።

ባዶ እጄን ተመለስኩና ድምፁን በመዳፌ ማፈን ጀመርኩ። አንድ ቀን ማታ ወለሉ ታጥቦ፣ ነጠላ ጫማዬን ደጅ ትቼ ተቀመጥኩ። ሣጥኑን ስይዘው ነዘረኝ። ብዙ አይደለም፤ ክንዴ ውስጥ ጉንዳን የሄደ ያህል። የኮምፒውተሩ ገመድ ሦስት ሽቦ አለው፤ ሦስተኛው ኤርዝ ነው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ወደ መሬት የሚያወርደው። ቆጣሪው ላይ አጥፍቼ የግድግዳውን ሶኬት ፈታሁት። ኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ። ቤቱ ሲሠራ ኤሌክትሪሺያኑን ስለዚሁ ጠይቄው ነበር፤ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ያለሱም ይሠራል።»

ይሠራል! ማን አይሠራም አለ? መደገፊያ የሌለው ደረጃም ፎቅ ያወጣል። ክዳኑ የተነሣ የመንገድ ቱቦም ውኃ ያወርዳል። አንድ ዓይና ባጃጅም በጨለማ ሰው ያደርሳል፤ የሚያደርሰው የት እንደሆነ ነው እንጂ። ኤርዝ እኮ የተሠራው ሌላው ሁሉ እምቢ ላለበት ለአንዲት ቀን ነው፤ ያች ቀን እስክትመጣ ያለሱ መሥራቱ ምኑ ይገርማል? በማግሥቱ የልጅ ልጄ በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ ሣጥኑን ነካችና እጇን ሰበሰበች። «ኮምፒውተርህ ይነክሳል» አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ያን ኤሌክትሪሺያን ያን ሰዓት ባገኘው የምለውን አውቅ ነበር። እሱም የሚመልስልኝን አውቃለሁ።

ተናድጄ መነጽሬን አወለቅኩ። የግራው ክንድ የተያዘው በክር ነው። ባለፈው ጥምቀት ብሎኗ ወድቃ ባለቤቴ በጥቁር ክር አስራልኝ፣ ይኸው እስካሁን አለ። ደኅና ያሳያል። ኤርዙም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኤሌክትሪሺያኑ «ያለሱም ይሠራል» ሲለኝ የሽቦ ዋጋ ቀረልኝ ብዬ ሻይ የጋበዝኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሌላ ሠራተኛ ተነጋግሬያለሁ፤ ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ይተክልልኛል። ዘንጉ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አፈር ይፈልጋል አለኝ፤ ባለቤቴ ወዲያው ጎመኗ ሥር ያለውን ቦታ አሳየችው። እስኪመጣ ድረስ እኔ ካልተቀመጥኩ ስፒናው አይሰካም፣ ስቀመጥም የጎማ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ብሎኑ ተገኘ!» አለ። ቤቴን ጠይቆ በብስክሌት መጣ፣ ለጥገናም ለመንገድም ሳንቲም አልተቀበለም። ብሎኗን ከኪሱ አውጥቶ በካቻቢቴ ያዘና ማዞር ጀመረ። ሁለት ዙር እንደሄደች ቆመች። ገፋ፤ የለም። ሊያወጣት ሞከረ፤ እምቢ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየናት። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር፤ በረካው እስኪደርስ ስለ ዓሣ ዋጋ አወራን፣ ሐይቁ ዘንድሮ ስለመሙላቱ አወራን፣ የእናቱ አገር ይርጋለም መሆኑን ነገረኝ። ስለ ብሎኗ ማንም አላነሣም።

አሁን ሦስት ተኩል ብሎን አለኝ። ግራ እጄ ደክሟል።