አያ ጅቦ ዘር ሲቆጥር

የሥጋ በሎች ዕድር ተሰብስቧል። ዳኛው አንበሳ ነው፤ ማን እንደመረጠው አይጠየቅም። አያ ጅቦ ሸብረክ ሸብረክ እያለ ሲገባ ውሻ ቀድሞ ተረበው።

«አያ ጅቦ፣ ቁርበት ይነጠፍልህ?»

«ተወው፣ አንተ ከተኛህበት ቁንጫ አይጠፋም።»

«ለማንኛውም ዘመድ ነህ፤ ከእኛ ጎን ተቀመጥ።»

«ምን በወጣኝ! የእኔ ወገን እነ ሙጭልጭላ፣ እነ ጥርኝ፣ እነ ድመት ናቸው። አንተ ከድብ ጋር ተቃቀፍ።»

ድመት ጀርባዋን ነፋች። «እኔ ጥፍሩን መሸሸግ የማይችል ዘመድ የለኝም!»

«የአጎትሽ ልጅ አቦ ሸማኔስ? እሱም አጥርቶ አይሸሽግም። ማግሳትም አቅቶት እንዳንቺው ኩርርር ይላል።»

(አጥንትና ዘረ መል የመረመሩት የፈረዱት ለጅቡ ነው። መልኩ ወደ ውሻ ቢያደላም ሐረጉ ከድመት በኩል ነው፤ ሮጦ የሚያድን ሁሉ እግሩ መመሳሰሉ አይቀርም።)

«ዝም በሉ!» አለ አንበሳ። «የእኔን ትራፊ ለቃሚ ነው ዘር የሚቆጥረው?»

«ጌታው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ ታንዛንያ፣ ንጎሮንጎሮ ላይ ሌሊቱን ሲከታተለን አላዩትም? እኛ አድነን እንጥላለን፤ እርስዎ ጎፈርዎን አበጥረው መጥተው ይቀሙናል። ሲነጋ እርስዎ ሲበሉ እኛ ዳር ቆመን እንታያለን፤ ለቃሚነቱ ግን ለእኛ ይጻፋል።»

አንበሳ አዛጋ። ሲረቱ ማዛጋት የሹመት ወግ ነው።

ፓንዳ ቀርከሃውን እያኘከ ቀና አለ። «ስብሰባው መቼ ያልቃል?»

«ቅጠል በሊታውን ማን ጠራው?»

«ድብ ነኝ፤ አንጀቴም የሥጋ በል ነው። ቀርከሃው አልፈጭልህ ስላለው ነው ቀኑን ሙሉ የማላምጠው።»

ይህን የሰማ ከርከሮ ከበር ጮኸ፦ «እሱ ከገባ እኔስ? ሥጋ ካገኘሁ አልምርም!»

«እዚህ የሚቆጠረው የአያት መንጋጋ ነው» አለው ጅብ። «የእኛ አያቶች ሥጋ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ጥርስ ነበራቸው። የአንተ አያት ምን ነበረው?»

ውሻ አላስጨረሰውም። «ስለ ጥርስ ታወራለህ? ምስጥ እየላሰ የሚኖረው ጅብ የማን ዘመድ ነው?»

«የእኔ! ራሱ ፈልጎ ይልሳል። እንዳንተ ጅራቱን ቆልቶ አይለምንም።»

«ሐረር ላይ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበለውስ ማን ነው?»

«እኔ በልቼ እሄዳለሁ። አንተ በልተህ ዘበኛ ሆነህ ቀረህ።»