የበሰበሰ እንጨት የተከበረበት ዘመን

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል በዓመት አንድ ጉድ ይበቃ ነበር። ዘንድሮ ጉዱ በየሳምንቱ ሆነ። የብሎካችን ወጣቶች ከወደቀ አጥርና ከፈረሰ ቤት የሻገተ ጣውላ፣ የነቀዘ ማገር፣ ጣት ሲነካው የሚፈረፈር ግንድ እየለቀሙ ሲሚንቶ በለበሰው ግቢያችን ከመሩት። «ምንድን ነው ይሄ?» ብል የልጅ ልጄ «የጎመን መደብ ነው አባባ» አለችኝ። ጎመን! ያውም ሲሚንቶ ላይ!

በኛ ጊዜ እንጨት መበስበስ ያፍር ነበር። ምሰሶው ጽድ ወይም ወይራ ነው፤ ምስጥ ቀርቦ አሽትቶ ይመለሳል። አባቴ ያቆሙት የጽድ አጥር ዕድሜ ልኩን ንቅንቅ አላለም፤ በየሁለት ዓመቱ በደቦ የምናቆመው ለወጉ ያህል ነው። አፈሩስ? የዱባ ፍሬ እንትፍ ብላችሁ ዞር ስትሉ ሐረጉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። አፈር የሚባል ነገር በጆንያ ተገዝቶ ሲገባ ያየ አልነበረም። ዛሬ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ለአውራጅ ተከፍሎበት ይገባል፤ እስቲ አፈር ስሆን፣ ይህ ጤና ነው?

ይህ ግቢ ራሱ ድሮ ለም ጥቁር አፈር ነበረው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማ ስለሚያስቀርብን ገንዘብ አዋጥተን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አለበስነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፤ አንድ ጥግ አላስተረፍኩም። እንዲያ ያለ ሥራ ዛሬ ማን ይሠራል? የአሁን ልጆችማ አፈር ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቁም።

በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ሰዉ ሁሉ በየደጁ ገበሬ ሆኗል። የኛዎቹ ግን ባሰባቸው። መጀመሪያ የጎኑን ጣውላ በጡብ ላይ አቆሙት፤ ውሃው በሥሩ ሾልኮ ወደ ቦይ እንዲሄድ ነው አሉ። ከታች ወፋፍራሙን የበሰበሰ ግንድ ደረደሩ፤ በላዩ ጭራሮ፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ ፍግና ብስባሽ፣ መጨረሻ ላይ አፈር። ለሰላጣ 20፣ ለካሮት ከ30 ሳንቲሜትር የማያንስ አፈር ያስፈልጋል እያሉ በሜትር ይለካሉ። ስንዝር ምን በደለቻቸው?

አንዱን ግንድ አንሥቼ አየሁት። ነጭ የሻጋታ ክር ውስጡን ተብትቦታል፤ ጨመቅ ሳደርገው ውሃው በክንዴ ወረደ። «ስፖንጅ በለው አባባ፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ ይቆይና በበጋ ለሥሩ ያካፍላል» አለች። ነገሩ ሁገልኩልቱር የሚባል የጀርመኖች ብልሃት ነው፤ በዓለም ያስተዋወቀው ሴፕ ሆልዘር የተባለ የኦስትሪያ ገበሬ ነው አለችኝ። ከአክሱም ዘመን በፊት በሬ ጠምዶ ያረሰ ሕዝብ ልጅ ጎመን አተካከል ከኦስትሪያ ስትማር! ከዚያ ሁሉ የሚያበሳጨኝ ደግሞ ከስልክ መማሯ ነው። ስልክ አእምሮ ያደነዝዛል እያልኩ ስንት ዘመን ጮህኩ! ይህንኑ የሚያስረዳ አንድ ግሩም ቪዲዮ አግኝቼ ትናንት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልኬ ላይ አፍጥጬ አመሸሁ።

እርጥብ እንጨትማ አይገባም ተባለ። እርጥቡ መበስበስ ሲጀምር ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማል፣ ጎመኑም ይገረጣል፤ ቀድሞ የበሰበሰው ግን ያን ያህል አይቀማም። አያችሁ፣ ዛሬ ለመከበር መበስበስ ሳያስፈልግ አይቀርም። ያን ግንድ ለሁለት ተሸክመው «ቀስ፣ እንዳይፈርስ!» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔን ደረጃ ስወጣ ቀስ ይበሉ ያለኝ የለም።

አንድ ጎረቤት ደግ አስቦ የወደቀ የመብራት ምሰሶ ጎትቶ ቢያመጣ፣ ጥቁር መድኃኒት የጠጣ እንጨት መርዙ አፈሩ ውስጥ ይገባል ብለው መለሱት። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይግባ፣ ዘይቱ ቡቃያ ያቀጭጫል አሉ። ባሕር ዛፍ! በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ዛፍ! ውለታ የማያውቅ ትውልድ! እኔ እንደሆነ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አልወድም፤ ያገሬ ባሕር ዛፍ ይበቃኛል።

አራተኛ ፎቅ ያለው ጎልማሳማ መደቡን በረንዳዬ ላይ ካልሠራሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል ብለው አስጣሉት። በኛ ጊዜ ማንም አፈር ሲመዝን አይገኝም ነበር። በረንዳም አልነበረን።

ደግሞ እኮ አይዘልቅም። ግንዱ እየበሰበሰ ሲሄድ አፈሩ በየዓመቱ ይሰምጣል፣ እንደገና ይሞላል፤ የጎኑም ጣውላ ከጥቂት ክረምት በኋላ ራሱ ብስባሽ ይሆናል። እያወቁ ለመፍረስ የሚሠራ ሥራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጎመኑ በቅሏል፤ አልዋሽም። ግን ምን ጎመን ነው? ለስላሳ፣ ገና እሳት ሲያየው የሚበስል! የጥንቱ ጎመን ግማሽ ቀን ተጥዶ ጥርስ ይፈትን ነበር። ደጋግሜ ያስጨመርኩት እንከኑን ለማግኘት ነው፤ ነገም ለምርመራ ያህል ትንሽ ቆስጣ ጨምረው እንዲልኩልኝ ነግሬአቸዋለሁ።

ለማንኛውም የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የብሎኩ ስብሰባ አለ። በሩ አጠገብ የቀረችውን ቁራሽ አፈር ሲሚንቶ እናልብሳት የሚለውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የብሎካችን ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ በሰዓቱ ተገኝታችሁ እጃችሁን አውጡልኝ።