ሲወደድ በትናንት፣ ሲረክስ በዛሬ

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ መድን ድርጅት አስታዋሽ የለም። የውሉ ጊዜ ሊያበቃ ሲቃረብ ስልክ ይደውላል፤ ካልተነሣለት መልእክት ይልካል፤ በእንቁጣጣሽ ዕለትም «እንኳን አደረሰዎ» ማለትን አይዘነጋም። የሰሌዳውን፣ የሞተሩን፣ የሻንሲውን ቁጥር አንድ በአንድ ያውቃል። ባለቤቱ የረሳውን፣ ድሮ ከጠባብ ግቢ ወደ ኋላ ሲወጣ ያጫረውን ፓራውልት ሳይቀር በፋይል አስቀምጦታል። ከዚህ ሁሉ እውቀት የምትሾልከው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ መኪናዋ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት እንደምታወጣ። እሷም ብትሆን ጨርሳ አትጠፋም። መኪናዋ በተገለበጠች ማግስት ትዝ ትላለች።

ይህን አይቶ ድርጅቱን የሚያማ ሰው ታዲያ ሕግ አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን ይደነግጋል፤ ካሳውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲታወጅ እንኳ የመድኑ ክፍል ሳይነካ ቀርቷል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰው መኪናውን ገደል ሰዶ እንዳይከብር ነው። በዚህ ጣሪያ ላይ ፖሊሲው የራሱን ጣሪያ ያክላል፤ በውሉ ላይ የሰፈረውን የመኪናዋን ዋጋ። ከሁለቱ የትኛው ይከፈላል ቢሉ፣ ያነሰው። የገበያው ዋጋ ከወረደ በገበያው፣ ከወጣ በውሉ። አረቦኑ ግን ምንጊዜም የሚታሰበው በውሉ ላይ በሰፈረው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ መዋዠቅ አይወደድም።

ዋጋ ባለበት በሚቆይበት አገር ይህ አሠራር ማንንም ባልጎዳ። የእኛ አገር መኪና ግን ቆማም ዋጋዋ ይሮጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቪትዝ የምትባለዋ ትንሽዬ ቶዮታ፣ በአንድ ወቅት ኮንዶሚኒየም ይገዛ የነበረ ገንዘብ ይጠየቅባት ጀመር። የመለዋወጫውም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ግርግር ያመለጠው በየዓመቱ ከአሮጌው ፖሊሲ ወደ አዲሱ ሳይነካ የሚገለበጠው ቁጥር ነው።

እስቲ ለስሌት እንዲመች አንድ ሰው ያሪስ በ600 ሺህ ብር ገዝቶ ሙሉ ኢንሹራንስ ገባ እንበል። ውሉን በየዓመቱ ያድሳል፤ ቁጥሩ ያው 600 ሺህ ነው። ገበያው ግን 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ደረሰ። አንድ ቀን ሞጆ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ከፊት መጣ። እግዜር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ መኪናዋ ግን ኮፈኑ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጥሟል፤ ሻንሲው ተጣሟል። «ቶታል ሎስ» ተባለ። ካሳው 600 ሺህ፣ ከዚያም ላይ ባለ መኪናው ራሱ የሚሸከመው ኤክሰስ ተቀንሶ። ሰውየው በዚህ ገንዘብ ያሪስ ሊገዛ ይቅርና የተጋጨችውን ያሪስ መልሶ መግዛት ቢያምረው ይቸገራል።

መኪናዋ ባትወድም ኖሮስ? ያኔ «አቬሬጅ» የሚባል ሌላ ጸጋ ይጠብቀዋል። ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ፣ ባለ ንብረቱ ለቀረው ድርሻ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። 600 ሺህ የ1 ሚሊዮን 800 ሺህ አንድ ሦስተኛ ነውና፣ ጥገናው 300 ሺህ ብር ቢፈጅ የሚከፈለው 100 ሺህ ነው። ከዚያ የተሰበረው በር በአዲስ ሲተካ የእርጅና ቅናሽ ይመጣል፤ አሮጌ በር አጥተው አዲስ አግኝተዋልና ልዩነቱን ይሙሉ ይባላል። ጥገናው የሚሰጠው ደግሞ ፕሮፎርማ ካቀረቡት ጋራዦች መካከል ርካሹን ዋጋ ለሰጠው ነው። ርካሹ ጋራዥ በምን እንደሚረክስ የሚታወቀው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ስቱኮው መሰነጣጠቅ ሲጀምር ነው።

ወደ ሳልቬጁ፣ ማለትም ወደ መኪናዋ ቅሪት፣ ሲመጣ ግን ጥበቡ ይረቃል። ሙሉ በሙሉ ወደመች የተባለችው ያሪስ፣ ካሳው ሲከፈል ከነሊብሬዋና ከሁለቱም ቁልፎቿ ወደ መድን ሰጪው ትሻገራለች። ከዚያ ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ይወጣል፤ «ባለችበት ሁኔታ»። ጨረታው ላይ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የመጡ ዓይናቸው የሰላ ነጋዴዎች ይቀርባሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል። ሌላው የኋላውን በር ከፍቶ ይዘጋል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ካምቢዮው ደህና ነው። የኋላ መብራቶቹ፣ ወንበሮቹ፣ ሁለቱ የኋላ በሮች እንዳሉ አሉ። ነጋዴው ይህን ሁሉ በልቡ እየፈታ የሚደምረው ያሪሷ ድሮ በተገዛችበት ዋጋ አይደለም፤ በዛሬው የመለዋወጫ ዋጋ ነው። መድን ሰጪውም «የለም፣ ይህች መኪና እኛ ዘንድ 600 ሺህ ብር ናት፤ በዚያው ልክ ቀንሰህ ክፈል» ብሎ አያውቅም። ከባለቤቷ በትናንት ዋጋ የተወሰደች መኪና ለነጋዴው በዛሬ ዋጋ ትሸጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ቢነሣ ነውር አይሆንም። ባለ መኪናው ለሁለት ሦስተኛው ጉዳት «የራስዎ መድን ሰጪ እርስዎ ነዎት» ከተባለ፣ ከቅሪቱ ሁለት ሦስተኛው የማን ነው? መድን ሰጪ ካሳ ሲከፍል ቅሪቱን ይወስዳል። ሰውየው ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ኪሳራ ከራሱ ኪስ ለራሱ ከፍሏል። እንግዲያው ከሞተሩም፣ ከካምቢዮውም፣ ከኋላ በሮቹም ሁለት ሦስተኛው ሊደርሰው ነው። በኪሳራው ቀን ሸሪክ የተባለ ሰው በጨረታው ቀን ባዕድ የሚሆንበትን ምክንያት ካሳ ክፍሉ ቢያስረዳ መልካም ነበር። ጠያቂ ስለሌለ ግን አስረጂም አልተመደበም።

ድርድሩ ራሱ በጣም ጨዋ ነው። ባለ መኪናው ጋዜጣ ቆርጦ፣ ከመኪና መሸጫዎች ዋጋ አስጽፎ፣ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት በላስቲክ ሸፍኖ ይቀርባል። ወጣቷ ሠራተኛ ወንበር ትስብለታለች።

«ጋሼ፣ ዋጋውን ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«በየዓመቱ ስታድሱ ያው ቁጥር ተገልብጦ ይመጣል። ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

«ማሳወቅ የእርስዎ ግዴታ ነው።»

«ታዲያ እናንተ ስትደውሉ ምን ልታሳውቁ ነው?»

«አረቦን መድረሱን።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ሥራዋን በትክክል ነው የገለጸችው።

ባለ መኪናዎችም ሁሉ ንጹሐን ናቸው ለማለት አይደለም። «ዝቅ አድርገን እናስመዝግባት፣ አረቦኑ ይቀልልዎታል» የሚለውን ደላላ ሰምቶ ፈገግ ያለ ብዙ ነው። ሚሊዮን የምታወጣን መኪና በግማሽ ዋጋ አስመዝግቦ፣ አደጋ ሲደርስ ሙሉውን የሚጠብቅ ሰው በራሱ ላይ ቢፈርድ ይሻላል። የሚገርመው ሌላው ወገን ነው። ውሉ ሲፈረም መኪናዋን ዙሪያዋን ፎቶ ያነሣው ባለሙያ ገበያውን ያውቃል፤ የቀረበለት ዋጋ የማይመስል መሆኑም አይጠፋውም። ያን ዕለት ግን ዝም ይላል፤ ዝምታው አረቦን ያስገኛል። አደጋ ሲደርስ ያው ባለሙያ አንደበቱ ይፈታል፤ ገበያውን ከደላላ በላይ ይተነትናል። ትንታኔውም ካሳ ያስቀንሳል።

ዋጋ የሚወርድባት መኪና የገዛ ሰው ደግሞ በተራው ይማራል። አንዱ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በ3 ሚሊዮን ብር ገዝቶ በዚያው ዋጋ አስመዘገበ እንበል። ትጉህ ነው፤ አንድ ብር አልደበቀም፤ አረቦኑን በ3 ሚሊዮኑ ልክ ከፈለ። ዓመት ሳይሞላ አዲስ ሞዴል ገባና የእሱኛዋ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ሆነች። በወሩ ተጋጨች፤ ባትሪው ተጎዳና ወድማለች ተባለ። አሁን ፖሊሲው ላይ ያለው 3 ሚሊዮን ምንም አይጠቅመውም፤ ድርጅቱ ቁጥር 678ን አውጥቶ ያነብለታል። በ700 ሺህ ብሩ ልዩነት ላይ የተከፈለው አረቦንስ? እሱ የአብሮነት መዋጮ ነው።

ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ነገሩ ይቃለላል የሚል የዋህ ካለ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 799 ያንብብ። ለሦስተኛ ወገን የንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። ሲኖትራኩ ያሪሷን ሙሉ በሙሉ ቢያጠፋት፣ በዚያ አዋጅ ከግዴታው ሽፋን ይገኝ የነበረው ይህ ነው። የቀረውን ከሲኖትራኩ ባለቤት በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ባለቤቱ ከተገኘ።

ይህ የሀበሻ ተንኮል ብቻ ነው እንዳይባል፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ነገር አለ። እዚያ የወደመች መኪና ዋጋ በሶፍትዌር ይሰላል፤ ለባለቤቱም በአካባቢው ለሽያጭ የቀረቡ ተመሳሳይ መኪናዎችን የሚዘረዝር ብዙ ገጽ ያለው ሪፖርት ይደርሰዋል። በአንዳንዱ ሪፖርት ላይ አንዲት ቅናሽ ተሸሽጋ ትገኛለች። መኪናዋ በማስታወቂያ 15 ሺህ ዶላር ተብላ ብትወጣም ገዢ ተከራክሮ ያስቀንስ ነበርና እኛም እንቀንሳለን የምትል ናት። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ በሌለ ገዢ ስም ተከራክሮ አያውቅም። ፕሮግረሲቭ የተባለው ትልቅ መድን ሰጪ በዚህች ቅናሽ ምክንያት በበርካታ ግዛቶች ተከሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቶች የእያንዳንዱ መኪና ዋጋ በየራሱ መታየት አለበት እያሉ የጋራ ክሶችን አፍርሰዋል።

ያም ሆኖ የዚያ አገሩ ሾፌር እጅ ላይ ወረቀት አለ። የትኛዋ መኪና ከየት እንደመጣች ያያል፤ «ይቺኛዋ የእኔን ዓይነት አይደለችም፣ ኪሎ ሜትሯም ይበልጣል» ብሎ መልሶ ይጽፋል። በብዙዎቹ ፖሊሲዎች ላይም ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ገማች መርጠው፣ ገማቾቹ ካልተስማሙ ሦስተኛ ዳኛ የሚሰይሙበት አንቀጽ አለ። ሽማግሌ መቀመጥን ለዓለም ያስተማርን ይመስል የምንኩራራው እኛ ግን፣ ካሳ ክፍል ስንደርስ የሚነገረን አንድ ድምር ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ጉዳቱን የገመተውን ሰርቬየር መጠራጠር ይመስላል፤ መጠራጠር ደግሞ ፋይሉን ያዘገየዋል።

መጨረሻ ላይ ፎርሙ ይመጣል። ባለ መኪናው ካሳውን ሙሉ በሙሉ መቀበሉን፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ እንደሌለው፣ በነጻ ፈቃዱም መርካቱን ያረጋግጣል። የሚፈርመው ከቼኩ በፊት ነው፤ መርካት ይቀድማል፣ ገንዘብ ይከተላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቅጽ ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መልኩ ይተረጎማል ማለቱን ማንም በዚያች ጠረጴዛ ላይ አያነሣም። የንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት እንደሚሰጥም እንዲሁ። ሰውየው የቤት ኪራይ አለበት፤ በታክሲ መመላለስ ሰልችቶታል፤ ያሪሷም ጋራዥ ቆማ የማቆሚያ ሒሳብ ትቆጥራለች። ሁለት ዓመቱን በደንብ የሚጠቀምበት ሌላው ወገን ነው።

እስክሪብቶውን አነሣና ከፊርማው ሥር «ሒሳቡን ሳልቀበል ፈርሜያለሁ» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ኧረ እዚያ ላይ አይጻፍም! ፎርሙን አበላሹት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«ግድ የለም» አለችው መሳቢያዋን እየከፈተች፣ «በአዲስ እንተካልዎታለን።»