የወረቀቷ ሴትዮ

ካናቴራ ቤት ውስጥ መስፋት ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አራት ቁራጭ ነው ይላሉ፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ። ዚፕ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ገበር የለው። የአንገቱን ጠርዝ አይቆጥሩትም። ጣጣው ሁሉ ደግሞ ያለው እነሱ ሳይቆጥሩ የተዉት ላይ ነው።

ካናቴራ መናቁ ከጥንትም ነው። አባቴ ካናቴራ ብቻ ለብሶ ከአጥር ወጥቶ አያውቅም፤ ለእሱ የውስጥ ልብስ ነው። አልተሳሳተም። ፈረንሳይቷ ኮኮ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1916 ገደማ የካናቴራን ጨርቅ፣ ጀርሲን፣ ለሴቶች ቀሚስና ኮት እስክታመጣው ድረስ፣ ጨርቁ በብዛት የሚውለው ለወንዶች የውስጥ ልብስ ነበር። ይህን ለአባቴ ብነግረው «እሷስ ብትሆን ምን ነክቷት ነው?» ነው የሚለኝ።

ጨርቅ ወደሚቆረጥበት የወረቀት ልክ፣ ወደ ፓተርኑ ልምጣ። እያንዳንዱ ፓተርን የሚነደፈው ለአንዲት ሴትዮ ነው። ቡርዳን ውሰዱ። ኤነ ቡርዳ ጀርመን ኦፈንቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950 የጀመረችው ይህ መጽሔት ስንቷን የቤት እመቤት ልብስ ሰፊ አድርጓል፤ መደበኛ ልኩ ግን 168 ሴንቲ ሜትር ለምትረዝም ሴት ነው። እኔ የወረቀቷ ሴትዮ እላታለሁ። ሁለቱ ትከሻዎቿ እኩል ናቸው። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው። ልጅ አዝላ አታውቅም፣ በአንድ ትከሻዋ ቦርሳ አንጠልጥላ ታክሲ ተሰልፋ አታውቅም። ሹሩባም አትሠራም፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ። ከእኛ ዘር 168 የደረሰችው አንዲት አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷም ባለ ተረከዝ ስታደርግ።

ዛሬ ዛሬ ፓተርን በኮምፒውተር ይመጣል። ሃያ ምናምን የኤ ፎር ወረቀት ታትሞ፣ ጠርዝ ጠርዙ ተቆርጦ በፕላስተር ይገጣጠማል። ከገጾቹ በአንዱ ላይ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ይሣላል። ታትሞ ሲወጣ ማስመሪያ ታስቀምጡበታላችሁ፤ 10 ካልሆነ የቀረው ሁሉ ውሸት ነው። የሰፈሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ደግ ነው፤ ጠርዙ እንዳይቆረጥብኝ ብሎ ገጹን ሁሉ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎልኝ ካሬው 9.4 ሆኖ ወጣ።

«እህቴ፣ ስድስት ሚሊ ምን ታደርግሻለች?» አለኝ።

በደረት ዙሪያ ስትባዛ ስድስት ሴንቲ ሜትር ልትሞላ ምንም እንደማይቀራት አስረዳሁት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አቀረቀረ። «በቃ፣ እንደገና ላትመው።»

ጨርቁን መርካቶ ብትን ጨርቅ ከሚሸጥበት ነው የምገዛው። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ ቢጎትቱት እምቢ ይላል። ጀርሲ ግን ክር በክር ዓይን ውስጥ እየገባ የተቆላለፈ ስለሆነ ሲጎትቱት ዓይኖቹ ይከፈታሉ። ፓተርኑ፣ 10 ሴንቲ ሜትሩ ተስቦ 15 ይድረስ ብሎ ያዛል። ማስመሪያዬን ይዤ ከጣቃው ፊት ቆምኩ። ነጋዴው ስንት ሜትር ልቁረጥልሽ አለኝ፤ መጀመሪያ ልጎትተው አልኩት። አላስጎተተኝም። ራሱ በሁለት እጁ ይዞ ወጠረውና «እይው፣ እንደ ማስቲካ!» አለ። መለጠጡን አየሁለት። እኔ የምጠብቀው መመለሱን ነበር፤ እሱ አልመጣም። ላይክራ ያለበት ጥሩ ጀርሲ ተለጥጦ ቦታው ይመለሳል፤ ሄዶ የሚቀረው ግን በሳምንቱ ክርናችሁ ላይ ከረጢት ሠርቶ ታገኙታላችሁ።

አሁን ደግሞ ዋናው ጉድ። እንዲህ ተለጥጦ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ልብስ የሚቆረጠው ከሰውነት አሳንሶ ነው። ደረትሽ 96 ከሆነ ልብሱን 90 አድርጊው ይላል ወረቀቱ። ይህን የሚለው ለማን ነው? «ያድግበታል» እየተባለ ላደገ ሰው! የልጅነት ልብሴ ሁሉ የተገዛው ሁለት ዓመት ለምትበልጠኝ ልጅ ነበር፤ እኔ ስደርስበት ቀለሙ የለም። እማዬ የቆረጥኩትን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አየችና «የማን ልጅ ልብስ ነው?» አለችኝ። የእኔ ነው አልኳት። «አንቺማ አትገቢበትም። ጨመር አድርጊ እንጂ፤ ነገ ብትወፍሪስ?» ሰፍቼ ለብሼው መጣሁ። ዞር ዞር አድርጋ አየችኝና «እና ቀሚሱ የት አለ?» አለች። በሷ ቤት የውስጡን ብቻ ነው የለበስኩት። ከአባቴ ጋር የተጋቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቁን በጣታቸው ነካ አድርገው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄማ ጨርቅ አይደለም፤ ወዲህ ሲሉት ወዲያ ይሄዳል።» ጥቁሯ ባለ ፔዳል ሲንገራቸው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሳቸውም እንደዚያው። ቀጥ ያለ ስፌት ጀርሲ ላይ አይሆንም። ጨርቁ ይለጠጣል፣ ክሩ አይለጠጥም፤ ጭንቅላት ሲገባ ጠሽ ጠሽ እያለ ይበጠሳል። ጠበብ ያለ ዚግዛግ ያስፈልገዋል። መርፌውም ጫፉ ዱልዱም ያለው ለጀርሲ የተሠራው ይሁን፤ ሹሉ ዓይኑን ይበጥስና ቀዳዳው ቁልቁል ይሮጣል።

አንገቱ ጋ ደረስን። የአንገት ጠርዝ የሚቆረጠው ከአንገቱ ዙሪያ አጠር ተደርጎ ነው፤ 85 በመቶ አካባቢ። እኩል ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አለቅጥ ካጠረ አንገቱን ያኮማትረዋል። እሺ፣ አገኘሁት እንበል። የወረቀቷ ሴትዮ ጭንቅላት ግን ባዶ ነው፤ ጸጉሯን ማለቴ ነው። አርብ ዕለት ሸርተት ብሎ የገባው ካናቴራ፣ ቅዳሜ ሹሩባ ተሠርቼ ስመለስ ግንባሬ ላይ ቆመ። አሁን አንገት የምለካው ከጸጉር ቤት ስመጣ ነው። ይህን የሚል መመሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

መመሪያዎቹ መስታወት ፊት ቁሙ ይላሉ። መስታወት ጀርባ አያሳይም፤ ጎረቤት ያሳያል። ስለዚህ ለብሼው ቡና ላይ እቀርባለሁ። አቦል ላይ «እጅሽ ይባረክ» ነው። ቶና ላይ አንዷ «ከፊት ትንሽ ከፍ አላለም?» ትላለች። በረካ ሲደርስ ሁሉም እጅ ጀርባዬ ላይ ነው። የሚገርመው ደግሞ ትክክል ናቸው። ከደረት ወደ ብብት በሰያፍ የሚሄድ መጨማደድ ደረቱ ጠበበ ማለት ነው፤ ከወገብ በላይ ጀርባ ላይ አግድም የሚከመረው ደግሞ ወገበ ጎድጓዳ ነሽ ይላል። «ይለጠጣል» ብሎ ደረቱን የተወ ሰው፣ ጨርቁ ስፋቱን ከቁመቱ ይበደርና ከፊት ያጥርበታል። እነዚህ ሴቶች አንድ የፓተርን መጽሐፍ ሳይገልጡ ይህን ያውቃሉ፤ ችግሩ፣ አውቀው ዝም አይሉም።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ተዉት። የጨርቁን፣ የመርፌውንና የፎቶ ኮፒውን ብር ይዛችሁ ሰልባጅ ተራ ብትሄዱ ከአንድ ካናቴራ በላይ ገዝታችሁ የታክሲ ይተርፋችኋል። እኔ የምሰፋው ለግራ ትከሻዬ ብዬ ነው። ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ የትኛውም ፋብሪካ ይህን አያውቅም፣ የእኔ ካናቴራ ያውቃል።

ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ፤ ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ነጋዴው «ኧረ አይሰበሰብም» ይላችኋል። የሚለብሰው እሱ አይደለም።