ባሕር በሌለበት የባሕር ዳር ገደል ላይ ብቻን በብስክሌት መጓዝ፦ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ እስከ ዓባይ በረሃ የተደረገ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በሠለጠነው ዓለም ከተከበሩ የሥራ ፈት ሥራዎች አንዱ ብቻን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ በባሕር ዳር ገደል አፋፍ መንጎድ ነው። አየርላንዶች ለዚህ የሚሆን ሞኸር የሚባል ገደል አላቸው፤ ረጅሙ ቦታ 214 ሜትር ይደርሳል። ካሊፎርኒያም ቢግ ሰር አላት። በእነዚህ ስፍራዎች ተጓዡ በአንድ ጎኑ ውቅያኖስ፣ በሌላው ጎኑ ተራራ፣ መሐል ላይ የገዛ ሐሳቡን ይዞ እንደሚሄድ በሰፊው ይታመናል። በአገራችን ግን ዘርፉ ተገቢውን ትኩረት ተነፍጓል። ጥፋቱ የምሁራን አይደለም። "ወዴት ነው?" ሲባል "ዝም ብዬ ነው" የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል ተብሎ ስለሚጠረጠር ነው።

ይህ ቅድመ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። መነሻው መርካቶ ጥግ ያለው ተክለ ሃይማኖት አደባባይ፣ መድረሻው ዓባይ በረሃ ነው። አደባባዩ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጠዋት ላይ ከሶማሌ ተራ የመኪና በር ተሸክሞ በሚሮጥ ወጣት፣ ዕቃ በሚያራግፍ አይሱዙ እና "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ግማሽ አካሉን ከሚኒባስ ባወጣ ረዳት መሐል በብስክሌት ሾልኮ የወጣ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ገደል ቢያይ አይደነግጥም። ሁለተኛ፣ አደባባዩ የተሰየመላቸው ጻድቅ ከደብረ ዳሞ አምባ በገመድ ሲወርዱ ገመዱ ቢቆረጥባቸው ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው እንደወረዱ በገድላቸው ይነገራል። ገዳማቸው ደብረ ሊባኖስም ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዚሁ በጥናቱ መስመር ላይ፣ ገደል ሥር ይገኛል። ስለ ገደል ከእሳቸው የበለጠ ልምድ ያለው ባለ አደባባይ በከተማዋ የለም።

የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ

በብቻ ጉዞ ዘርፍ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ናት። በ1963 እ.ኤ.አ. ብቻዋን በብስክሌት ከአየርላንድ ሕንድ ገብታለች። ክረምትም፣ ተኩላም፣ ወንበዴም አላስቆማትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ትታ አገሩን በእግሯ፣ በቅሎ እየጎተተች አቋረጠች። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፏም ርዕሱ ላይ ያሰፈረው በቅሎዋን ነው። እንዲህ ያለች አንጋፋ አጥኚ የእኛን ተራራ ስታስብ የጥናት መሣሪያ መቀየሯ ዘርፉን የሚያሳስብ ጉዳይ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ውይይት አልተደረገበትም።

ከአገር ውስጥ፣ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለቱም አገር አኩርተዋል። ይሁንና የነዱት በሰው ተከበው ስለሆነ ለዚህ ጥናት በማስረጃነት አያገለግሉም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከካይሮ ኬፕታውን የሚነዱ የውጭ አገር ብስክሌተኞችም ለዓመታት ዓባይ በረሃን አቋርጠዋል። እነሱንም ድንኳንና ወጥ ቤት የጫነ መኪና ስለሚከተላቸው ከብቸኛ ይልቅ ለሠርገኛ ይቀርባሉ።

የጥናቱ መሣሪያ

መሣሪያው አንድ ብስክሌት ነው። መርካቶ የሌለ ነገር የለም በሚለው አጠቃላይ ሕግ መሠረት ከመነዳሪውም፣ ካቴናውም፣ ፔዳሉም ተገኝቷል። የመሣሪያውን ብቃት ያረጋገጠው አንድ የሰፈር ጠጋኝ ሲሆን፣ የማረጋገጫው ሂደት እንደሚከተለው ተመዝግቧል።

"የት ልትሄድበት ነው ወንድሜ?"

"ዓባይ በረሃ።"

"በምን?"

"በዚሁ።"

ጠጋኙ ብስክሌቱን አየ። ቀጥሎ ባለቤቱን አየ። ፖምፓውን መሬት አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ጎማውን ተወው" አለ። "ፍሬኑን ልየው።" በሌላው ዓለም ይህን ያህል ጥልቀት ያለው ምክር በክፍያ ነው የሚሰጠው።

ግኝት አንድ፦ ብስክሌቱ

ብስክሌት በባሕርይው ሜዳ ይወዳል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የብስክሌት ከተሞች የሆኑት ነዋሪዎቻቸው ከሌላው ሰው የበለጠ ጤናቸውን ስለሚያስቡ ሳይሆን መሬታቸው ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባም በበኩሏ አልቦዘነችም። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ብላ መንገዶቿን በየጊዜው ለአንድ እሑድ ጠዋት ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀመረች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ዘርግታለች። መስመሩ እስካሁን ለእግረኛ፣ ለፎቶ ተነሺና ለሕፃናት ጋሪ ከፍተኛ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑ ታይቷል።

ተጓዡ መርካቶን ከነጎጃም በረንዳው ጥሎ፣ አዲሱ ገበያን አልፎ የእንጦጦን ትከሻ ሲጀምር ግን በሰውና በብስክሌት መካከል ያለው የሥልጣን ግንኙነት ይገለበጣል። እስከዚያ ብስክሌቱ ሰውየውን ተሸክሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ብስክሌቱን ይሸኘዋል። አትሌቶች ልምምድ ወደሚሠሩበት ወደ ሱሉልታ ሲቃረብ፣ ቱታ የለበሰች አንዲት ልጅ ከኋላው መጥታ፣ ሳታለከልክ "በርታ!" ብላው ታልፋለች። በእግሯ ነው። ይህ ክስተት በሥነ ልቦና ዘርፍ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ግኝት ሁለት፦ ባሕሩ

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆናለች። ይህ ሌሎች አጥኚዎችን ተስፋ ያስቆረጠ እውነታ ለእኛ ትልቅ እንቅፋት አልሆነም። አገሪቱ ባሕር ባይኖራትም የንግድ መርከቦች አሏት፤ ባሕር ዳር ከተማ ላይም የውቅያኖስ መርከበኞች ስታሠለጥን ኖራለች። መርከብና መርከበኛ ያለ ባሕር ከተቻለ፣ የባሕር ዳር ብስክሌተኛ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የመስክ ምልከታው ደግሞ ከዚህም የበለጠ ማስረጃ አስገኝቷል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ መሬቱ በየተራ ይገለጣል፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲባል የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከሥር የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢውን ሸፍኖ የነበረ ባሕር ወለል ነው፤ የባሕር እንስሳት ቅሪት በውስጡ ይገኛል። እንግዲህ ባሕሩ አልጎደለም። በቀጠሮው ሰዓት ተገኝቶ ነበር፤ የዘገየው ብስክሌተኛው ነው።

ነገሩ መርካቶ ድረስ ይመጣል። በዚያው በዓባይ ተፋሰስ፣ በሙገር ሸለቆ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ ይሆናል። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደርባም ከእሱ በኋላ፣ ያንን የባሕር ወለል እየፈጩ በከረጢት ሲልኩልን ኖረዋል። በዚህ ሒሳብ በእነሱ ሲሚንቶ የቆመ የመርካቶ ፎቅ ሁሉ ቢያንስ በከፊል ባሕር ነው። አከራዮች ኪራይ ሲጨምሩ "ቤቱ የባሕር ዳር ነው" የሚል ምክንያት እስካሁን ያላቀረቡት ይህ ጥናት ስላልደረሳቸው ብቻ ነው።

ግኝት ሦስት፦ ገደሉ

በዚህ ረገድ እጥረት አልታየም። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድልድዩ ደግሞ 1,100 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ ከስድስት ሞኸር በላይ ይሆናል። በማዶ፣ በጎጃም በኩል፣ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ስለዚህ ተጓዡ የአየርላንድን ኩራት ስድስት ጊዜ ወርዶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ስድስት ጊዜ ይወጣዋል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚለው የአበው ድምዳሜ በመስክ መረጃ ተደግፏል። አየርላንዶቹ ለገደላቸው ማስጎብኛ ማዕከል ሠርተው ያስከፍላሉ። የእኛ አፋፍ ላይ የቆመው አህያ ነው፤ አህያውም አያስከፍልም።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲሸት ጠጋኙ ይታወሳል። ከላይ ጋቢ ያስለበሰ ብርድ ከታች ሸሚዝ ያስወልቃል። የጫኑ ተሳቢዎች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወርዱ ብስክሌተኛው እየቀደማቸው ይኩራራል፤ ዳገቱ ላይ እነዚያው ተሳቢዎች በዚያው ማርሽ ሲያልፉት ሾፌሩ መስኮት ዝቅ አድርጎ ሰላም እስኪለው ድረስ ጊዜ አለ።

የገደል ኑሮን በሚገባ የተካነው ጭላዳ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ካልሆነ በየትም አይገኝም፤ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ቀን ሜዳው ላይ ሣር ይነጫል፣ ማታ ገደሉ ገጽ ላይ ወርዶ ይተኛል። ለጥናታችን ወሳኝ የሆነው ግን ሌላ ነው፦ ጭላዳ የሚሄደው በመንጋ ነው። ገደል ላይ እያደረ የማይወድቀው ፍጡር ብቻውን መሄድን አልመረጠም።

ግኝት አራት፦ ብቸኝነት

የጥናቱ ዋና ውጤት እዚህ ላይ ነው። ብስክሌት ተገኝቷል፣ ባሕሩ ተገኝቷል፣ ገደሉ ተትረፍርፏል። በመላው መስመር ፈጽሞ ሊገኝ ያልቻለው ብቸኝነት ነው። ብቻውን የተነሳው ተጓዥ በመንገድ ላይ የሚያፈራቸው ባልደረቦች በአራት ይመደባሉ።

ሯጮች፦ ከጫንጮ በኋላ ይጀምራሉ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ብስክሌቱን ከሩቅ አይቶ በባዶ እግሩ ማሳ አቋርጦ ይደርሳል። "ቻይና! ቻይና!" ይላል። ተጓዡ አበሻ መሆኑን ሲረዳ አያፍርም፤ ወደ ዋናው አጀንዳ ይገባል። "ሀይላንድ!" ብስክሌቱ ላይ የታሰረችው የፕላስቲክ ውኃ ገና ግማሽ ናት። ልጁ ችግር የለበትም፤ እስክታልቅ አብሮ ይሮጣል። ተጓዡ አንዴ ሲጎነጭ ልጁ ደረጃዋን በዓይኑ ይለካል። ዳገት ሲመጣ ፍጥነታቸው እኩል ይሆናል፤ ዳገቱ ሲጠና ልጁ ከኋላ ሆኖ መግፋት ይጀምራል። ጠርሙሷ ባዶ ሆና ስትሰጠው ዞሮ ይሄዳል። ምትኩ ከፊት ለፊት እየመጣ ነው።

ጠያቂዎች፦ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "ብቻህን?" ከሙከጡሪ እስከ ገርበ ጉራቻ የድምፁ ቅላጼ ይለያያል እንጂ ይዘቱ አይለወጥም። መልስ አይጠብቁም። ራሳቸውን ነቅንቀው ቁጭ እንዲል ያዛሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ነውር ነው። አንድ ብቸኛ ተጓዥ በዚህ መንገድ የሚያጠፋው ጊዜ ፔዳል ከሚመታበት ይበልጣል።

አሳፋሪዎች፦ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው። ከጎኑ ቀስ ብለው "ጫነው፣ ጫነው!" ይላሉ። "አይ፣ በፈቃዴ ነው" ሲላቸው ረዳቱና ሾፌሩ ይተያያሉ።

አዛኞች፦ እነዚህ ከሁሉም ይከብዳሉ። ከድልድዩ ወዲያ፣ በደጀኑ ዳገት ላይ፣ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ተጓዡን አስቆሙት።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?"

"ምንም አልሆንኩ አባባ። አገር ላይ ብዬ ነው።"

"አገርማ ከመኪና ላይ ሆኖስ አይታይም?"

"ይታያል አባባ።"

ዝም ብለው ብስክሌቱን ዞሩት። ከዚያ ኮታቸውን ገለጥ አድርገው፣ በመሐረብ ከተቋጠረ ገንዘብ የደጀን መሳፈሪያ የሚሆን ቆጥረው ዘረጉለት። ተጓዡ እምቢ ቢል ሊቆጡ ነው፤ ቢቀበል የጥናቱ ገለልተኝነት ሊበላሽ ነው። በመጨረሻ ተቀብሎ፣ እጃቸውን ስሞ፣ ዳገቱን በእግሩ ቀጥሏል።

የጥናቱ ውስንነት

ጥናቱ የሚመለከተው መንገዱ ሰላም በሆነበት ዘመን ያለውን ልማድ ነው። በቅርብ ዓመታት በዚሁ መስመር የአውቶቡስ ተሳፋሪ እንኳ እየተሳቀቀ የሄደባቸው ወራት ነበሩ፤ በዚህ ላይ አጥኚው የሚቀልደው ነገር የለውም። ከዚህ ሌላ የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት መንገዱ ራሱ ቦታ ይቀያይራል፤ በመሆኑም ዘንድሮ የተለካ ኩርባ ለከርሞ ላይገኝ ይችላል።

ምክረ ሐሳብ

ከላይ በቀረቡት ግኝቶች መሠረት፦

1. ብቸኝነትን ለሚፈልግ ዜጋ ዓባይ በረሃ አይመከርም። ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ቆሞ ለሰዎች መንገድ ይጠይቅ፤ በተሻለ ሁኔታ ያገኘዋል።

2. "ዝም ብዬ ነው" የሚለው መልስ ለጊዜው በ"ለቅሶ ደርሼ" ይተካ። ጠያቂ ይረካል፣ ቡናውም ያጥራል።

3. ለቀጣዩ የመስክ ሥራ በጀት ሲያዝ "ብቸኛ ተጓዥ" በሚለው ርእስ ሥር የአንድ ሰው አበል ብቻ መመደቡ ይስተካከል። ለሯጮች፣ ለጠያቂዎች፣ ለአሳፋሪዎችና ለአዛኞች የሚሆን በቂ ሒሳብ ይያዝ። የፋይናንስ ክፍሉ አዛውንቱ ለሰጡት የመሳፈሪያ ገንዘብ ደረሰኝ የጠየቀ እንደሆነ፣ ደጀን ድረስ ሄዶ ራሱ ያምጣ፤ ብስክሌቱን እናውሰዋለን።