ሻማ የሚያነበው ዘመዴ

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቤዝመንቱን የአክሲዮን ቢሮ ካደረገው ወዲህ፣ ልንጠይቀው ስንሄድ ጫማችንን አውልቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንገባው። ሦስት ስክሪን ተደርድሯል፤ ስክሪኑ ሙሉ የአክሲዮን ዋጋ መውጣትና መውረድ የሚያሳይ ቀይና አረንጓዴ ሻማ የሚመስል ሥዕል ነው። «አየህ፣ ይኼ ራስና ትከሻ ይባላል፤ ሊወርድ ነው» ይለኛል። ሳይወርድ ከቀረ «ትከሻው ገና አላለቀም» ነው መልሱ። በእንዲህ ያለ ትምህርት ማን ይወድቃል? አክስቴ ልትጠይቀው ከአዲስ አበባ የመጣች ሰሞን «ሻማው ረዘመ!» እያለ ሲጮህ ሰምታ፣ ምራቷን ወደ ጓዳ ጠርታ «መብራት አልከፈላችሁም እንዴ?» አለቻት።

የሻማው አሳሳል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የጃፓን ሩዝ ነጋዴ የሙኔሂሳ ሆማ ነው ይባላል። እኔን የሚያስቀኝ ግን የፕሪንስተኑ ኢኮኖሚስት በርተን ማልኪየል በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያወጉት ነው። ተማሪዎቻቸው ከ50 ዶላር ተነሥተው ሳንቲም እየወረወሩ፣ በአንዱ ገጽ ሲወድቅ ዋጋውን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ እያደረጉ ቻርት ሠሩ። ፕሮፌሰሩ ሥዕሉን ቻርት አንባቢ ለሆነ ወዳጃቸው ቢያሳዩት፣ የየትኛው ኩባንያ ነው፣ አሁኑኑ እንግዛ ብሎ ዘለለ። የሳንቲም ሥራ መሆኑን ሲሰማ ደስ አላለውም። ይህን ለዘመዴ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ሳንቲሙ ትሬንድ ይዞ ነበር ማለት ነው» አለኝ።

ቻርት ሰው የሚጎዳው ስለሚዋሽ አይመስለኝም፤ በየቀኑ ሥራ ስለሚፈጥር ነው። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ምሁራን ከ1991 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ሒሳብ መርምረው ነበር። ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። የቀረውን በአብዛኛው የበላው የመግዣና የመሸጫ ወጪ ነው። ዛሬ ኮሚሽን ቀርቷል ይሉናል። ይሁን፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ግን አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ ዓመት ሳይሞላው የተሸጠ አክሲዮን ትርፉ እንደ ደመወዝ ይቀረጣል።

የዘመዴ ሚስት በየወሩ ከደመወዟ እየተቆረጠ ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም ገበያውን እንዳለ የሚከተል ፈንድ ውስጥ ይገባላታል። የይለፍ ቃሉን ረስታዋለች። የማን ሒሳብ እንደሚበልጥ እሱ ፊት አይጠየቅም።

አዲስ አበባም ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የአክሲዮን ገበያ አላት። ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የኩባንያውን የኦዲት ሪፖርት አገላብጡ፤ ዕዳውንና ትርፉን ለማየት ሻማ አያስፈልግም። የቻርት ሥልጠና የሚሸጥ ሰው ከመጣባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን የሦስት ዓመት የግብይት መዝገብ ያሳያችሁ። ካሳያችሁ፣ ስልኩን ለእኔም ላኩልኝ።