ጎማው አይደለም

የአዲስ አበባ ሰው ለሰላምታ ጊዜ ቢያጣ ለተነፈሰ ጎማ አያጣም። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ጎማ! ጎማ!» ይላል። ቀይ መብራት ላይ ጎንህ የቆመው ሾፌር ክላክስ አድርጎ ጣቱን ወደ ታች ይቀስራል። የማታውቃቸው እናት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው «ልጄ፣ ኧረ ጎማህ!» ይሉሃል። ደግነት ነው፤ አልክድም። ችግሩ የኔ ጎማ አልተነፈሰም። የተነፈሰው መኪናው ነው።

ይህን ደግሞ በቀይ መብራት ዕድሜ ማስረዳት አይቻልም። «ጎማው አይደለም፣ መኪናው በአየር ስለሚቆም…» ብዬ ስጀምር አረንጓዴ ይበራል፤ ደጉ ሰው «እንግዲህ ነግሬሃለሁ» የሚል ፊት አሳይቶኝ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ላስረዳ።

መኪናው መርሴዲስ ኤስ 320 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ብቅ ካለው፣ ፋብሪካው ደብሊው 220 ብሎ ከሚጠራው ወገን። ያኔ የሚይዘው ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ነበር፤ አሁን እኔ ይዤዋለሁ። ሌላው መኪና በሞላ ሲቆም ይሄ የሚቆመው በአየር ነው። አራት የላስቲክ ከረጢት አለው፤ ከፊት ደግሞ ከረጢቶቹን የሚሞላ ኮምፕሬሰር። አዲስ ሳለ የመንገዱ ጉድጓድ ለተሳፋሪው የሚደርሰው በወሬ ነው ይባላል። ላስቲክ ግን ላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ እጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት በቀኝ ፊቱ ተንበርክኮ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ እያጓራ ቀስ በቀስ ያነሳዋል፤ እስከዚያው ዳሽቦርዱ ላይ «ቁም፤ መኪናው ዝቅ ብሏል» የሚል ማስጠንቀቂያ በፈረንጅ አፍ ይበራል። ዝቅ ማለቱን ሰፈሩ በሙሉ ከዳሽቦርዱ ቀድሞ ነግሮኛል።

መካኒኩ ሳሙና በውሃ በጥብጦ ላስቲኩን በቀለም ብሩሽ ቀባው። ከእጥፋቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ወጣ፤ ፈነዳ፤ ሌላ ወጣ። «ይኸው ጋሼ» አለኝ። ኮምፕሬሰሩ ይህችን ቀዳዳ ለመቅደም ሲታገል ይግላል፤ ሪሌው ይጣበቃል፤ መጨረሻ ላይ ይቃጠላል። ሰውም የተቃጠለውን ኮምፕሬሰር ይቀይራል፤ ያቃጠለው ላስቲክ ግን ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ አዲሱን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረድቶኝ ሲያበቃ ግንባሩን ቋጠረ።

«ግን ይሄን መኪና ማነው የነካካው?»

እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ። በአገራችን ጋራዥ ኮፋኖው ተከፍቶ ይህ ጥያቄ ያልተጠየቀበት መኪና ካለ፣ ኮፋኖው አልተከፈተም ማለት ነው። የሳሪሱ መካኒክ የቂርቆሱን ይረግማል። የቂርቆሱ ጋ ብትመለስ «እኔም ሳገኘው እንዲህ ነበር» ብሎ የፒያሳውን ያነሳል። የፒያሳው ሰውዬ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና ጥፋቱ ሁሉ እሳቸው ላይ ይላከካል። ጥርሱ የተበላ ብሎን፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ፣ በቆርቆሮ የተጠገነ ማርሚታ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ሥራ ነው። «እኔ ነኝ» ያለ መካኒክ እስከዛሬ አልተወለደም። ይህን የጥፋት የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ብንቆጥር መኪናው የተገጣጠመበት ዚንደልፊንገን ደርሰን ጀርመኑን ሠራተኛ ማፋጠጣችን አይቀርም። እሱም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በወጡት መርሴዲሶች የሞተሩን ሽቦ አካባቢ በማይበክል ልባስ እንሸፍን ብለው፣ ልባሱ በሞተሩ ሙቀት ያለ ዕድሜው ይፈረፈር ነበር። የኔው ሞተር ደግሞ ስድስት ሲሊንደር ይዞ 12 ካንዴላ ይጠይቃል፤ ለአንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት። ሐዋርያት 12 ሆነው ዓለምን አዳርሰዋል፤ እነዚህ ከሳሪስ አቃቂ ያደርሱኝ እንደሆነ እንጃ።

ጥግ ይዘው ሻይ የሚጠጡ አንድ አዛውንት መካኒክ «ልጄ፣ ጃንሆይስ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ አይደል?» አሉኝ። ለማጽናናት ይሁን ለማስፈራራት አልገባኝም። ደርግ ያን ያደረገው ለማዋረድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በመካኒክ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቮልስ ሞተር በአየር ይቀዘቅዛል እንጂ መኪናው በአየር አይቆምም። በአብዮቱ መሃል እንኳ ተነስታ ሄደች።

ወደ ላስቲኩ ልመለስ። ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ ከመደርደሪያው ሥር ያገለገለ የፊት ሾክ አብዞርበር ከነላስቲኩ ጎትቶ አወጣና ግራሶውን በቲሸርቱ ጫፍ ጠርጎ ቁጥሩን አሳየኝ። እኔ ግን ዓይኔ የገባው እጥፋቱ ውስጥ የደረቀው ቀይ ጭቃ ነው።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከዱባይ ነው ጋሼ። ኦርጅናል።»

«ዱባይ ቀይ ጭቃ ጀመረች?»

ዋጋውን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። ምነው ብለው «ዶላር ጨምሯል» አለ።

ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ዶላር መጨመሩን አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ማለፉን ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። አዲስ ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ በዚያ ሒሳብ ቢያስከፍለኝ አፌን ይዤ እከፍላለሁ። ይሄ ግን እዚሁ ከተጋጨ መኪና ላይ የተፈታ፣ ዶላር በዓይኑ ያላየ፣ የኛን ጉድጓድ ሲቆጥር የኖረ ዕቃ ነው። የገዛ አገሬ ጭቃ በምን ሒሳብ ነው በዶላር የሚተመንብኝ? ዋስትና ስትጠይቅ ደግሞ «የሚገጥመው ሰው ከነካካው እኛ የለንበትም» ይልሃል። ዋጋው የሚወጣው ከዕቃው አይደለም፤ ኮፋኖው ጫፍ ላይ ካለችው ኮከብ ነው። መኪናው ረክሷል፤ ኮከቧ ግን አልረከሰችም። ጎሚስታው፣ አጣቢው፣ የፓርኪንጉ ልጅ፣ ሁሉም የሚያስከፍለኝ ለእሷ ነው። ይህ ንግድ አይባልም፤ ዘረፋ ነው።

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ልጁም ቤት ኪራይ አለበት፤ እሱም እንጀራ የሚገዛው ዶላር በጨመረው ዋጋ ነው።

«ሽጠውና ተገላገል» የሚሉኝ አሉ። ማን ይገዛኛል? የጎረቤቴ ቪትዝ ከኔ መርሴዲስ በላይ ታወጣለች። ሌላ ላስገባ እንዳልል የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ሞተሩ ትልቅ በሆነ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጫነ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም አለ። መካኒኩ ሌላ መላ አለው፦ «አየሩን አውጥተን ሞላ እንግጠምበትና ይረፉ።» እውነቱን ነው፤ ብዙ ሰው አድርጎታል። ግን በሞላ የቆመ ኤስ 320 ከሌላው መኪና በምን ይለያል? በሚጠጣው ቤንዚን ብቻ።

ደግሞ ሁሉም ነገሩ ክፉ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ስታገባ የሙሽራ መኪና እሱ ነበር። ኮፋኖውን በአበባ ሸፍነውት ሙሽሮቹን ሲጠብቅ በለመደው ጎኑ ዝቅ አለ። እኔ በሐፍረት ስቀልጥ አክስቴ «እዩት፣ ለልጄ ጎንበስ አለላት!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘመድ ሁሉ ተቀበላት። ያን ቀን ስለ ጎማ ያነሳብኝ ሰው የለም።

ላስቲኩን አልገዛሁም፤ ሞላውንም አላስገባሁም። እስክወስን ድረስ ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ፦ ይህንኑ ባለ 12 ካንዴላ ሞተር የያዛችሁ ካላችሁ ብቅ በሉ፤ 24 ካንዴላ በአንድ ላይ ለሚገዛ ሰው ትንሽ ሳይቀንሱ አይቀሩም።